ጣሳዋ የት ሄደች?

አርብ ገበያ ላይ ዛሬ ምን ቀን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ከተማዋ ቀኑን በስሟ ይዛዋለች። ገበያው ደርቶ ሳለ ከበርበሬው ተራ ወጥቼ፣ እግሬ በሚያውቀው ጠባብ መንገድ ወደ አንዲት ጠላ ቤት ወረድሁ። አጥሩ አለ። ከአጥሩ በላይ ብቅ የምትለው ረጅም እንጨትም አለች። በእንጨቷ ጫፍ ተደፍታ የምትውለው ጣሳ ግን የለችም።

ጣሳ የተደፋባት እንጨት «ጠላ አለ፣ ግቡ» ማለቷ ነው። ፊደል ያልቆጠረውም ያነባታል። ጣሳዋ ከወረደች ደግሞ «አልቋል» ማለት ነው፤ የሚከራከራት የለም። እኔ ግን ያን ቀን ሌላ ነገር አነበብሁባት። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ስመጣ የቢራ ፋብሪካ ዓርማ ያለበት ሰሌዳ የሰቀሉ ግሮሰሪዎችን ስቆጥር ነበርና «በቃ፣ ይችም ተዘጋች» ብዬ ደመደምሁ። ሰው ማዘን ሲያምረው ለማጣራት አይቸኩልም። አንኳኩቼ መጠየቅ ሲገባኝ ከማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሙሾ ማውረድ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ያዘንሁት ለጣሳዋ ነው። የጣሳ ዕድሜ የሰው ዕድሜ ይመስላል። የዘይት ወይም የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሆና ከሩቅ አገር ትመጣለች። ውስጧ ሲያልቅ ሹል ከንፈሯ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይለዝብና የጠላ መጠጫ ትሆናለች። ስንት ሰው ስሟት፣ ስንቱ ሳይከፍል «ለነገ» ብሎ አስቀምጧት ከኖረች በኋላ ታረጃለች። ያኔ አንዷ ጌሾና ብቅል መስፈሪያ ትሆናለች፤ ሌላዋ እንጨት ላይ ወጥታ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባት ለቤቱ ትመሰክራለች። ከሥራ የተሰናበተች ጣሳ የለችም፤ ሥራ የለወጠች ናት ያለችው።

ወደ አርብ ገበያ ከመምጣቴ በፊት እዚሁ ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ሰንብቼ ነበር። የድጓ ሰው ስሟን ሲሰማ ቀና ይላል፤ ድጓን ሊያስተምር የሚሻ ሊቅ ከየትም አገር ይምጣ፣ ቤተ ልሔም ገብቶ ሳያስመሰክር ሙሉ አይባልም። ቅኔ በጎጃም፣ አቋቋም በጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕት እዚሁ ጋይንት ዙር አምባ እንደሚባለው ሁሉ፣ የድጓ ቤቱ ቤተ ልሔም ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ ያየ ሰው በየደብሩ ከለመደው ክብ ሕንፃ ሌላ አይጠብቅም። ሲገባ ግን ከክቡ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን፣ ከጥርብ ድንጋይ የታነጸ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ያገኛል። ቤት በቤት ውስጥ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ጠላ ቤትም እንዲያው ነው አልሁ፤ ንጽጽሩን ካህናቱ ይቅር ይበሉኝና። ከውጭ ሲያዩት የአንዲት ሴት መኖሪያ ነው፤ ምድጃ፣ አልጋ፣ ጥግ ላይ የምታንቀላፋ ድመት። ሲገቡ ግን የአገር ሸንጎ ነው።

የቤቱ ሥርዓት የሚጀምረው ከመደቡ ነው። መደብ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የተሠራ መቀመጫ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ስለሚዞር የተቀመጠ ሁሉ ፊት ለፊት ይተያያል። ጀርባ ሰጥቶ መጠጣት አይቻልም። አዲስ ሰው ሲገባ «ኖር!» ይባላል፤ የተቀመጠው ቂጡን ከፍ ያደርጋል፣ የገባው «በእግዜር» ይላል፣ ሁሉም አንድ ስንዝር ይጠጋጋል። ስንዝር በስንዝር ስምንት ሰው የሚይዘው መደብ ዐሥራ አምስት ይይዛል። ገበሬው ከነጋዴው፣ መሪጌታው ከአህያ ነጂው ጋር ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። የጤፍ ዋጋ እዚያ ይሰማል፤ የጠፋች በቅሎ እዚያ ትጠየቃለች፤ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች ሽማግሌ ሳይላክባቸው አንድ ጣሳ ሲቀዳላቸው ይታረቃሉ። በደህናው ዘመን አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ብቅ ካለ፣ ግጥሙን የሚሰጠው ጠጪው ነው፤ አዝማሪው «ተቀበል!» ሲሉት ይቀበላል። ሰው በራሱ ግጥም ይሞገሳል፣ በጎረቤቱ ግጥም ይሰደባል፣ በሁለቱም ይስቃል።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ባለቤቲቱ ቀድታ ከመስጠቷ በፊት ከጠላው ጥቂት ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀምሳለች። መርዝ የለውም ማለቷ ነው፤ የድሮ ፍርሃት የወለደው ልማድ ነው። ዛሬ የሚፈራ ባይኖርም መዳፏ አልረሳችም። ከዚያ ጣሳው ጎደል ሲል ሳትጠይቅ ጠጋ ትልና ትመርቅልሃለች። ሒሳብ ውስጥ የማይገባ ጠላ ነው፤ ስሙም ምርቂት ነው፤ እህል ሻጭ ሰፍሮ ሲያበቃ በእፍኙ ጣል እንደሚያደርገው ያለ። ከአንድ ቃል ምርቃትም ምርቂትም ያወጣ ሕዝብ ስለ መሸጥና ስለ መስጠት ድንበር አስቦበታል። በዚያ ላይ ጓደኛ የሚያፈሩበትን መጠጥ «ጠላ» ብሎ የሰየመ፣ ያው ቃል ደግሞ «አልወደደም» ማለት የሆነበት አገር ሰምና ወርቅ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ጋኑ እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ጋን በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ አፉን ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ብቅሉና ቂጣው ይገባል። ቀጥሎ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ እንኩሮ ሆኖ በምጣድ እስኪጠቁር ይታመስና ይጨመራል፤ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ በውኃ ተበጥብጦ አፉ ይከደናል። ሳይጠል ያማረው በጉሹ ይጠጣዋል፤ የታገሠ ጠሎ ኩልል ሲል ይደርስበታል፤ የዘገየ ቅራሪ ያገኛል፤ የመጨረሻው አተላ የበሬ ነው። ሁለት ሳምንት የተለፋበት ነገር ከደረሰ በኋላ ግን ብዙ ቀን አይቆይም፤ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ሰፈሩ ጋንን ተከትሎ ይዞራል። «ዛሬ የማን ደረሰ?» ነው ጥያቄው። ሰኞ እዚህች ቤት የነበረ ሐሙስ ከወንዝ ማዶ ነው። ጣሳዋ ከአንዱ እንጨት ትወርዳለች፣ በሌላው ትወጣለች። ጠላ ቤት ቤት ሳይሆን ተራ ነው ብል ይሻላል።

ይህን ስል እንግሊዞች ትዝ አሉኝ። «እንግሊዝ አርብ ገበያ ምን አመጣት?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንግሊዞች መጠጥ ቤታቸውን «ፐብ» ይላሉ፤ የ«ፐብሊክ ሐውስ» አጭሩ ነው፤ የሕዝብ ቤት፣ ለሕዝብ የተከፈተ መኖሪያ ማለት ነው። አሁን እነሱም ሙሾ ላይ ናቸው። በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም. ብሪታንያ ውስጥ ወደ 60 ሺህ ፐቦች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት 45 ሺህ ገደማ ናቸው። ምክንያቱን ሲቆጥሩ ግብሩ፣ የቤት ኪራዩ፣ በሱፐርማርኬት በርካሽ ተገዝቶ ሶፋ ላይ የሚጠጣው ቢራ፣ በ2007 እንግሊዝ ውስጥ የመጣው የማጨስ ክልከላ ይላሉ። ጸሐፊው ጆርጅ ኦርዌል ገና በ1946 በአንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ ስለሚወዳት ፐብ ጽፎ ነበር፤ ሬዲዮም ፒያኖም የሌለባት፣ ሰው ተረጋግቶ የሚያወራባት፣ አስተናጋጆቹ ደንበኛውን በስሙ የሚያውቁባት። ሲጨርስ እንዲህ ያለች ቤት የለችም ብሎ አረፈ። ያልነበረችን ቤት በናፈቀ በ80 ዓመቱ የነበሩትም እየተዘጉ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን መዘጋታቸው አይደለም፤ አከፋፈታቸው ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ መንደር ውስጥ መጠጥ ጠማቂዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። በየቤታቸው ጠምቀው ሲደርስላቸው ከደጃቸው ረጅም እንጨት ያቆሙ ነበር፤ ጫፉ ላይ ቅጠል ያስሩበታል። እንጨት ታየ ማለት «ደርሷል፣ ግቡ» ማለት ነው። የእነሱም መጠጥ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይበላሽ ስለነበር መንደርተኛው እንጨት እየተከተለ ይዞር ነበር። አርብ ገበያ ማለት ይኸ ነው እንግዲህ! ቆርቆሮ ስላልነበራቸው ቅጠል አሰሩ እንጂ።

ከዚያ ምን መጣ? ሆፕስ መጣ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ማዶ የገባ የሐረግ አበባ ነው፤ መጠጡን ያመርራል፣ ደግሞም ሳይበላሽ ያቆየዋል። መራራነቱን ለእኛ ጌሾ ይሰጠናል፤ የማቆየቱን ነገር ግን ለጠላ እምብዛም አልሰጠውም። የሚቆይ መጠጥ በብዛት ይጠመቃል፣ በጋሪ ይጫናል፣ ለሩቅ ይሸጣል፤ ብዙ ለመጥመቅ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ያለው ወንዱ ነበር። ጥቂት መቶ ዓመት ሳይሞላ ጥመቃው ከሴቶቹ ጓዳ ወጥቶ ወደ ወንዶቹ ፋብሪካ ገባ። እንጨቷም ወርዳ በቦታዋ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ተሰቀለ። የማይቆይ መጠጥ ቤት ይፈልጋል፤ የሚቆይ መጠጥ መጋዘን ይበቃዋል። የነገሩ ቁልፍ ይህች ናት ብዬ ድንጋዩን በመዳፌ መታሁት።

የእኛም መጋዘን ቀስ ብሎ ነው የደረሰው። የጊዮርጊስ ቢራ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ከአርብ ገበያ ጋር ግን ለብዙ ዘመን አልተዋወቀም። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች ከወረታ ወልድያ የሚያደርሰውን መንገድ በነፋስ መውጫ በኩል አሳለፉት። በ1992 ዓ.ም. የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ጎንደር ላይ ተተከለ፤ ቢራ የጎረቤት ዕቃ ሆነ። ቀጥሎ መብራቱ፣ ፍሪጁ፣ ድራፍቱ መጡ። ገብሳችን ሳይቀር አመሉን ለወጠ፤ የጉና ተራራ ግርጌ ገበሬ ጓዳ ውስጥ ብቅል ሆኖ ይቀር የነበረው ዛሬ የብቅል ፋብሪካ ገዢ አለው። በጆንያ ወጥቶ በሣጥን ይመለሳል፤ ሲመለስ አንገቱ ቀጥኖ፣ ቆርኪ ደፍቶ ነው። የእንጨቷን ጣሳ ያየ ሰው ይህን ዘመድ ሳያውቀው አይቀርም።

ግሮሰሪ የሚለውን ቃልም እዩልኝ። ባለ ቋንቋዎቹ ዘንድ ግሮሰሪ ሽንኩርትና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ ነው። እኛ ወስደን መጠጥ ቤት አደረግነው። «ቡና ቤት» ገብቶ ቡና የጠየቀ ሰው እንደሚታዘንለት ሁሉ፣ ግሮሰሪ ገብቶ ሽንኩርት የጠየቀም ይታዘንለታል። በስሙ ቀለድሁ እንጂ ቤቱን አልጠላሁትም፤ ንጹሕ ነው፣ ቢራው ቀዝቃዛ ነው። ቅር የሚለኝ ወንበሩ ነው። የፕላስቲኩ ወንበር ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ዞሯል፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ። ቅዳሜ ማታ የሚታየው ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ ነው! አርሴናልና ማንቸስተር ሲገናኙ የታች ጋይንት ጎረምሳ በሁለት ይከፈላል። እንግሊዝ የራሷን ፐቦች እየዘጋች ኳሷን ልካ የእኛን መደብ አስለቀቀችው። መደብ ላይ ሰው ሰውን ያይ ነበር፤ ወንበር ላይ ሁሉም አንድ ነገር ያያል፣ ጎኑ ያለውን የሚያውቀው ጎል ሲገባ ሲያቅፈው ነው።

አንድ ጊዜ፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ ይቅርና፣ ግሮሰሪ ውስጥ አንድ ቢራ ይዤ ከወዳጄ ጋር ወግ ጀመርን። አስተናጋጁ ልጅ መጥቶ «ምን ይጨመር?» አለ። ቆይ አልነው። መጣ፤ «ይጨመር?» ጠርሙሱን አነሣና በብርሃን አየው። ሦስተኛ ሲመጣ ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወለው፤ ክርኔን ጭምር። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ወንበሩ ኪራይ አለበት። ግን ጠላ ቤት ውስጥ እንግዳ እንደነበርሁ፣ እዚህ ግን ደንበኛ ብቻ እንደሆንሁ ክርኔ ነገረኝ። እንግዳ ሲቆይ ቤት ይደምቃል፤ ደንበኛ ሲቆይ ወንበር ይታሠራል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደው፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ደግ አደረገ። እኔ ግን አዋጁን ያነበበ ሰው ባገኝ አንድ ነገር ልጠይቀው እሻለሁ፦ በእንጨት ላይ የተደፋች ጣሳ ማስታወቂያ ናት ወይስ ቃል? ማስታወቂያ ሁልጊዜ «አለ» ነው የሚለው። የግሮሰሪው ሰሌዳ ቢራ ባለቀበትም ሌሊት ያበራል። ጣሳዋ ግን ሲያልቅ ትወርዳለች።

ሙሾዬ እዚህ ሲደርስ ራሴን ታዘብሁት። ለመሆኑ ጠላ ጠምቄ አውቃለሁ? አላውቅም። ያ ሁሉ «ሥርዓት» የምለው የአንዲት ሴት ወገብ ነው። እንኩሮ ስታምስ ዓይኗን ጭስ የሚበላት እሷ፣ ከወንዝ ውኃ የምታመላልሰው እሷ፣ የሰከረ ሲደባደብ የምትገላግለው እሷ፣ ዱቤው ሲጠፋ የምታለቅሰው እሷ። ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ ናቸው፤ ልጆቻቸውን በጣሳ እየሰፈሩ አሳድገዋል። ተማሪ ቤት የላከቻት ልጅ ደግሞ እናቷን ለመተካት አልተማረችም። ሰው «የጠላ ቤት ወሬ» ሲል ንቀት ነው፤ «ኮማሪት» ሲል ስድብ ነው። የምርቂቱን ደግነት የምናወድስ ሰዎች ለመራቂዋ ደህና ስም አላወጣንላትም። ታዲያ ልጅቱ ግሮሰሪ ውስጥ በወር ደመወዝ ቆርኪ ብትከፍት ማን ይፈርድባታል? እኔ ነኝ ፈራጁ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ መጣ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ምሽት ያጥራል። መንገድ ሲዘጋ የቢራ መኪና ይቆማል። ጋን ግን መኪና አይጠብቅም፤ ገብሱ ከጓሮ፣ ጌሾው ከአጥር ሥር ነው። የሚቆየው መጠጥ መንገድ ሲያጣ ይጠፋል፤ የማይቆየው እዚያው ስለሚጠመቅ ይኖራል። ማን ደካማ፣ ማን ብርቱ እንደሆነ ከሩቅ ማወቅ ያስቸግራል።

በዚህ ሐሳብ ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁ። «ማነው? ግባ!» አለች ባለቤቲቱ፤ ድምፅዋን ለየሁት። ስገባ መደቡ ባዶ ነው። ጋኑ አፉን ተደፍቶ ከሥሩ የወይራ ጭስ ይንቦለቦላል፤ ቤቱ ቅዳሴ የወጣበት ይመስላል። ባለቤቲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የተወቀጠ ጌሾ የሞላ ስፌድ። በእጇ ጣሳዋን ይዛለች። የእንጨቷን ጣሳ። እየቆጠረች ትሰፍርባታለች።

«ኧረ እትየ፣ ጣሳዋን ባጣት ቤቱ ተዘጋ ብዬ…»

«አራት» አለች ቁጥሯ እንዳይጠፋባት፤ ሰፍራ ደፋችውና ቀና አለች። «ምን ይዘጋል ልጄ፤ መስፈሪያዬን ተውሰው አልመለሱልኝም፤ ይችን አወረድኋት። ጠላው ትናንት አለቀ። አምስት።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ዛሬ አቡነ አረጋዊ አይደል? ለመድኃኔ ዓለም በለው። ትመጣለህ?»

ከ14 እስከ 27 ዐሥራ ሦስት ቀን ነው። እኔ እሑድ በጠዋት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ይህን ስነግራት አላዘነችም፤ «እንግዲህ ጋኑን ላንተ ብዬ አላስቸኩለው» አለችና ሳቀች። ቆሎ በእፍኟ ሰጥታ መረቀችኝ። ስወጣ እንጨቷን ቀና ብዬ አየኋት፤ ባዶዋን ቆማ የምታፍር አትመስልም።

በማግስቱ ማታ ግሮሰሪ ነበርሁ። የት ልሄድ? ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሬ፣ አርሴናል ማዕዘን ሲመታ አንገቴን አስግጌ፣ ጎኔ የተቀመጠውን ሰው ስም ሳልጠይቅ። ኪሴ ውስጥ የተረፈውን ቆሎ ወደሱ ዘረጋሁ፤ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል ዘገነ። ልጁ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።

«ምን ይጨመር?»

«ያው» አልሁት።